የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ-5፦ ሾኩን ብቻ ልቀይር ወይስ ሞላውንም?

ሰላም ወገኖች። የኋላ ግራው ሾክ (የመኪናዋን መዝለል የሚያበርደው) ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ ጉድጓድ ስመታ ሁለት ሦስት ጊዜ ትዘላለች። አራቱንም ልቀይር ነው። ሞላውን በአጭር ልለውጠው? በየቀኑ የምነዳት መኪና ናት፤ በጣም እወዳታለሁ።

— ወንድሜ፣ እባክህ አታሳጥረው። እኔ የእኔዋን 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌያት ነበር። የዚህች መኪና ሾክ ድሮም የሚወርድበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ዝቅ ስትል ሾኩ ላይ ያለው፣ እስከ መጨረሻው ወርዶ እንዳይጋጭ የሚያቆመው መከላከያ ጎማ ላይ ታርፋለች፣ ኩርባ ላይ እብጠት ካገኘች ኋላዋ ይነጥራል። አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ሾኩ ላይ ሳላክክ ኖርኩ! ስትፈታው የአቧራ መከላከያውን ገልጠህ ያንን ጎማ በጣትህ ጫን አድርገው። የእኔ እንደ ደረቀ ዳቦ ነው የተፈረፈረው። እሱንም አብረህ ቀይር።

— በፋብሪካው ሞላ ከሆነ ቢጫው ኮኒ የሚባለው ሾክ ይሻልሃል፤ የመመለሻ ጥንካሬው (ተጨምቆ ሲዘረጋ የሚይዝበት ኃይል) ይስተካከላል። ከለስላሳው ጀምር። ቢልስቲን የሚባለው ሾክም ጥሩ ነው፣ ግን መደበኛው አይስተካከልም።

— ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች ቡሎን መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ አታጥብቅ። ጎማዋ መሬት ረግጦ ክብደቷ ሲያርፍ ነው፤ አለዚያ የክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎሚኒ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ሞላውንም ያለ መጭመቂያ እንዳትፈታ፣ ሰው ይጎዳል።

— እግዜር ይስጥልኝ። ሞላዬን አልነካም፤ ኮኒውን አዝዣለሁ።