የጨጓራ ቀለበት ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፣ ከሆጤ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ዕድሜዬ 38። ቁመቴ 1.60 ሜትር ነው፣ ኪሎዬ 104 ገብቷል። ስኳር ከያዘኝ ዓመታት አልፈዋል፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። ጉልበቴን በጣም ያመኛል። ሰኞ ገበያ ሄጄ ዘንቢል ይዤ በእግሬ መመለስ ካቆምኩ ቆየሁ፣ ያለ ባጃጅ አልንቀሳቀስም። ራት ትቻለሁ፣ የሎሚ ውሃ ጠጥቻለሁ፣ ጂም ተመዝግቤያለሁ። ሦስት አራት ኪሎ ይቀንስና ጨምሮ ይመለሳል።

ዱባይ ያለችው እህቴ አሁን ጨክናለች። «ጨጓራሽን በቀለበት ያስሩልሻል፣ አይቆረጥም፣ ካልተስማማሽ ይወጣል፣ ወጪው በእኔ» ትላለች። የምትሠራበት ቤት እመቤት አስደርጋ ቀጥናለች አሉ። እናቴ ደግሞ «ጤነኛ ሆድሽን ለቢላ አትስጪ» ብላ እንባዋ አልቆም አለ። እኔ መሃል ላይ ነኝ።

የሚያውቅ ሰው እውነቱን ይንገረኝ። ጥቅሙ ምንድን ነው? አደጋውስ? አስደርጌ ደሴ ስመለስ ምን ይገጥመኛል? «አመጋገብሽን አስተካክዪ» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ እባካችሁ።

መልስ 1፣ ነርስ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ኪሎሽን ለቁመትሽ፣ ከዚያ የወጣውን እንደገና ለቁመትሽ ስናካፍለው 40.6 ይመጣል፣ ይህ ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበት ቁጥር (BMI) ነው። በቆየው መመሪያ ለቀዶ ሕክምና የሚታጨው 40ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ብዛት ያለ በሽታ ያለበት ሰው ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው መመሪያ ደግሞ 35 ከሞላ ተጨማሪ በሽታ ባይኖርም ይፈቅዳል። ስለዚህ ጥያቄሽ የቅንጦት አይደለም፣ ማንም እንዳያሸማቅቅሽ።

ቀለበቱ የሲሊኮን ነው። ሆድ ሳይከፈት፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ገብተው የጨጓራውን የላይኛውን ጫፍ ያስሩበታል። ከላዩ ጥቂት ማንኪያ ምግብ ብቻ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትቀራለች። ከቀለበቱ ቀጭን ቱቦ ይነሳና ሆድሽ ላይ፣ ከቆዳው ሥር ካለች ክብ መቀበያ ጋር ይገናኛል። በዚያች መቀበያ ጨዋማ ውሃ በመርፌ ሲጨመር ቀለበቱ ይጠብቃል፣ ሲቀዳ ይላላል።

ጥቅሙን ልንገርሽ። ጨጓራ አይቆረጥም፣ አንጀት አይነካም፣ በኦፕራሲዮኑ ሰዓት ያለው አደጋ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ሰው በአማካይ ከትርፍ ኪሎው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ለአንቺ ቁመት 64 ኪሎ አካባቢ ቢሆን እሰየው ነው፣ ትርፍሽ 40 ኪሎ ነው ማለት ነው። ከዚያ ከ16 እስከ 20 ኪሎ ቢወርድልሽ፣ ያውም ቀስ እያለ በሁለት ዓመት ገደማ፣ ጉልበትሽም ስኳርሽም ይሰማቸዋል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ የወጣ ጥናት ነበር። ስኳር ከታወቀባቸው ሁለት ዓመት ያልሞላቸው 60 ሰዎች ላይ ነው የተሠራው፣ ቀለበት ካስገቡት 73 በመቶው ስኳራቸው ጠፋ፣ በመደበኛ ሕክምና ከቀጠሉት 13 በመቶው። አንቺ ግን ስኳሩ ቆይቶብሻል፣ ያን ያህል አትጠብቂ።

ሁለተኛው ጎን። ቀለበት አስገብተሽ የምትረሺው ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ሙሌት ብዙውን ጊዜ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ ገደማ እየታየሽ ይጠብቃል ይላላል። ይህን ደሴ ላይ ማን ያደርግልሻል? ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

መልስ 2፣ ከሸዋ በር

እህቴ፣ እኔ ያለፍኩበት ነው፣ በደንብ አንብቢኝ። ከባለቤቴ ጋር ሳዑዲ በነበርንበት ጊዜ አንድ የግል ሆስፒታል ነው ያስገባሁት። እዚያ እያለሁ እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በየጊዜው እሄዳለሁ፣ ያስተካክሉልኛል፣ ኪሎዬ ይወርዳል። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፍተውኝ ነበር።

አገር ከገባን በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። የዘመድ ሠርግ ላይ አንዲት ቁራሽ ጥብስ ዋጥኩ፣ ትንሽ ጅማት ነበረባት። ደረቴ መሃል ላይ ቀጥ አለች። መጀመሪያ ይወርዳል ብዬ ውሃ ጠጣሁበት፣ ውሃው ተመለሰ። ከዚያ ምራቄም አልወርድ አለ፣ ነጭ አረፋ እየሆነ በአፌ ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ፌስታል ይዤ ተቀምጬ አደርኩ። በማግስቱ የሄድኩበት ቦታ ሐኪሙ ሰው ነበር፣ አልሰለቸኝም፣ ግን የእኔን ዓይነት መቀበያ የሚወጋበት ልዩ መርፌ እዚያ አልነበረም። በተራ መርፌ ቢወጋ ሊያፈስ ይችላል ብሎ ግሉኮስ ሰቅሎ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። 400 ኪሎ ሜትር በጣርማ በር ስንሄድ እያስታወክሁ ነው። አዲስ ውሃውን ከቀለበቱ ሲቀዱልኝ ደቂቃ ሳይሞላ ውሃ ዋጥኩ።

በራጅ ሲታይ ቀለበቱ ከቦታው ተንሸራቶ ነበር። በኋላ በሁለተኛ ኦፕራሲዮን ወጣ። ኪሎው አብዛኛው ተመልሷል። «ካልተስማማሽ ይወጣል» የሚሉት እውነት ነው፣ ግን መውጣቱም ሌላ ኦፕራሲዮን ነው፣ ይሄን አይነግሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ጠዋት እንጀራ አይወርድልኝም ነበር፣ ዳቦማ ጭራሽ። ጣፋጭ ሻይ፣ ለስላሳ፣ ማር ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ቀለበቱ ሽሮውን ከልክሎ ስኳሩን ያሳልፋል ማለት ነው። እንደኔ ቡና ላይ ስኳር የምታበዢ ከሆንሽ ይሄን አስቢበት።

መልስ 3፣ የጦሳ ልጅ

ሁላችሁም ስለ ኦፕራሲዮን ነው የምታወሩት። እኔ ስኳር አለብህ ከተባልኩ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ እወጣለሁ። እንጀራዬን በግማሽ ቀነስኩ፣ ለስላሳ ተውኩ፣ ምስርና ጎመን አበዛሁ። ስኳሬ ወርዷል፣ ሐኪሜም መድኃኒት ቀንሶልኛል። እህቴ፣ ሰውነትሽን ለምን ታስነኪያለሽ? ፍላጎት ካለ ይቻላል።

ነርስ ከኮምቦልቻ፣ ለጦሳ ልጅ

ወንድሜ ጎበዝ ነህ፣ ላንተ ሠርቶልሃል፣ እሰየው። ከክብደት ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ እንኳ ለስኳርና ለደም ብዛት እንደሚጠቅም የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ምክርህ ባዶ አይደለም። ግን 104 ኪሎ በታመመ ጉልበት ጦሳን አይወጣም። ደግሞ ሰው ኪሎ ሲቀንስ አካሉ ረሃብን ይጨምርበታል፣ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቀንስበታል። እሷ «ጨምሮ ይመለሳል» ያለችው ይሄንን ነው፣ ስንፍና አይደለም። «ፍላጎት ካለ» የሚለውን ቃል ብንተወው ደስ ይለኛል፣ በዚህ ቃል ምክንያት አፍረው ሐኪም ቤት የማይመጡ ስንት ሴቶች አሉ መሰለህ።

መልስ 4፣ የቦርከና ዳር ሰው

እኔ የማውቀው የወንድሜን ነው። የእሱ ቀለበት ሳይሆን ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራው ሦስት አራተኛውን ያህል ቆርጠው አውጥተው የቀረውን እንደ ቱቦ ያደርጉታል። እንደ ቀለበት ያለ ባዕድ ነገር ሆድ ውስጥ አይቀርም፣ መርፌ የለም፣ የሚስተካከል ነገር የለም። እሱ ተደስቷል፣ ደም ብዛቱ ተስተካክሏል።

ሲጠይቅ የነገሩት፣ ቀለበት በዓለም ላይ እየቀረ ነው። አሜሪካ በ2001 ፈቅዳው፣ በ2011 ለክብደት ከሚደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ቀለበት ነበር (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)፣ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ግን ከመቶ አንድ ገደማ ወረደ። ምክንያቱ መንሸራተት፣ ጨጓራውን በስቶ መግባት፣ የቱቦ ማፍሰስና ቃር እየበዛ ብዙ ሰው እንደገና ኦፕራሲዮን ማድረጉ ነው። እና እህትሽ ለምን እሱን እንደመረጠች ጠይቂያት፣ ሴትየዋ ያስደረገችው ድሮ ይሆናል።

ስሊቭም ግን ቀልድ አይደለም፣ የተቆረጠ አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ፣ ሊደማ ይችላል። ወንድሜ ቪታሚን ዕድሜ ልኩን ይውጣል፣ ደሙን በየጊዜው ያስመረምራል፣ ቃር ደግሞ አዲስ ጀምሮታል።

መልስ 5፣ ፋርማሲስት፣ ፒያሳ

ስለ መድኃኒትሽ ማንም አላነሳም። ግሊቤንክላሚድ የምትበይው ቢያንስም ባያንስም ስኳርሽን ያወርዳል። ከየትኛውም ዓይነት ኦፕራሲዮን በኋላ ምግብሽ በድንገት ሲቀንስ በድሮው መጠን ከወሰድሽው ስኳርሽ ወርዶ ራስሽን ልትስቺ ትችያለሽ። ከመሄድሽ በፊት የስኳር ሐኪምሽ አዲሱን መጠን በጽሑፍ ይስጥሽ። ሁለተኛ፣ ለጉልበትሽ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ትወስጃለሽ? ከወሰድሽ ለቀዳጁ ሐኪም ንገሪ፣ ጨጓራ ያቆስላል። ሦስተኛ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ እኛ አገር በብዙ ሰው ላይ አለ። ኢንዶስኮፒውን (ጨጓራን በካሜራ ማየቱን) እና ምርመራውን አስቀድመሽ ጨርሺ።

ሰው እየመጣ ኦዜምፒክ ይጠይቀኛል፣ ሴማግሉታይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት መርፌ ነው። ሴማግሉታይድ ክብደት መቀነሱ እውነት ነው፣ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ለክብደት ተብሎ በከፍተኛ መጠን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ስኳርም ስላለብሽ ከሐኪምሽ ጋር ልታነሺው የሚገባ አማራጭ ነው። ግን ሲያቆሙት ኪሎው ይመለሳል፣ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ በሻንጣ የመጣ ከማን እጅ እንደወጣ አይታወቅም። በቴሌግራም እንዳትገዢ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አንብቤ ለእህቴ በድምፅ ልኬላታለሁ። የሸዋ በሯን እህት ታሪክ ስትሰማ ዝም አለች። ለካ ሴትየዋም ቀለበቱን ካስገባች ቆይታለች፣ ሐኪሟ ደግሞ ከቤቷ ሩቅ አይደለም። እዚያው ሆና ትከታተላለች።

አሁን ቀለበቱን ትቼዋለሁ ማለት ይቻላል። ስሊቭን አዲስ አበባ ሐኪም ጋ ሄጄ ልጠይቅ ነው። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ፣ ጾም ላይ ምን ይኮናል? ሁዳዴን ጾሜ ነው የኖርኩት።

ነርስ ከኮምቦልቻ

ልጅን በተመለከተ ከኦፕራሲዮን በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዳይኖር ይመከራል፣ ኪሎው በፍጥነት የሚወርድበት ጊዜ ስለሆነ። አንቺ 38 ነሽና ይህን ጊዜ ከአሁኑ ቁጠሪው፣ የማህፀን ሐኪምም አማክሪ። ኪሎ ሲቀንስ የወር አበባ የሚዛባባት ሴት ይስተካከልላታል፣ ሳይታሰብም ታረግዛለች፣ ስለዚህ መከላከያውን አስቀድመሽ ወስኚ።

ጾሙን ለንስሐ አባትሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽና የላመ ምግብ ብቻ ነው፣ ውሃ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መጉረስ አለብሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አይሆንም። በኋላም ቢሆን ዋናው ችግር ፕሮቲኑ ነው። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ቀድመሽ ትበያለሽ፣ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ነው። ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይጀመርም።

አዲስ ስትሄጂ እነዚህን ጠይቂ። በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ? ቢያፈስ ሌሊት ማን ይጠራል? ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት ስንት ቀን ልቆይ? ወረቀቴ ላይ የተሠራው በዝርዝር ይጻፍልኝ፣ እዚህ ላለ ሐኪምም ስልክ ይሰጠኝ። ከተመለስሽ በኋላ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የማያባራ የሆድ ሕመም ወይም ውሃ አለመርጋት ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

መልስ 2፣ ከሸዋ በር

አዲስ የምታርፊበት ዘመድ ከሌለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እኔ ያረፍኩበት ቤት አለ፣ ለሆስፒታሎቹም ይቀርባል። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፣ ሐኪሙን ራሷ ትጠይቀው።