ከማርቆስ ሆኖ የለንደን አይ ትኬት መቁረጥ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱና ክፍያው

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ፣ እናቴና አክስቴ በነሐሴ ለንደን ያለችውን እህቴን ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ ቪዛቸው ወጥቷል። ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለውን፣ ሰው አሳፍሮ ቀስ እያለ የሚዞረውን ትልቁን ጎማ፣ ለንደን አይ የሚሉትን፣ እንዲሳፈሩ ትኬቱን እኔ ልቆርጥላቸው አስቤያለሁ። እህቴ፣ ባሏና ሁለት ልጆቿም አብረው ይወጣሉ፤ ትልቁ 3 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 14 ወሯ። ለእህቴ «10/12፣ 3 ሰዓት» ብዬ በቴሌግራም ብልክላት «በዚያን ጊዜ እኮ ተመልሰዋል» አለችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው። የትኛው ትኬት ይሻላል? በባንክ ካርዴ ወይም በቴሌብር መክፈል ይቻላል? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ከፍታም ትፈራለች። አባቴ ያለ ዱላ አይንቀሳቀሱም። በር ላይ የሚከለክሉት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እህትህ ልክ ናት። አንተ 10/12 ስትል ነሐሴ 10 ማለትህ ነው፤ ነሐሴ አሥራ ሁለተኛ ወራችን ነውና። እንግሊዞች እንደኛው ቀኑን አስቀድመው ወሩን ያስከትላሉ፣ አሥራ ሁለተኛ ወራቸው ግን ዲሴምበር ነው። ስለዚህ እሷ ያነበበችው ዲሴምበር 10 ሲሆን በእኛ ታኅሣሥ 1 ላይ ይውላል። አንተ ያሰብከው ነሐሴ 10፣ 2018 በእነሱ ኦገስት 16፣ 2026 ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወሩን በቁጥር አትጻፍ። «ኦገስት 16» ብለህ በስሙ ጻፈው፣ የሳምንቱንም ቀን ጨምርበት። ቀኑና ዕለቱ ካልገጠሙ አንዱ ጋ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ከመክፈልህ በፊት ታገኘዋለህ።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የአንተ 3 ሰዓት ጠዋት ነው፣ በእነሱ 9:00። በዚያ ሰዓት ጎማው ገና አልተከፈተም፤ በበጋቸው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው 10:00 ላይ ነው። እዚያ የኖረ ሰው ደግሞ «3 ሰዓት» ሲባል ከሰዓት በኋላ 15:00 ብሎ ሊወስደው ይችላል። ግራ እንዳትጋባ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፍላት። ለራስህ ለመቀየር፣ ቀን ከሆነ 6 ቀንስ፦ 11:00 የእኛ 5 ሰዓት ነው፣ 15:00 የእኛ 9 ሰዓት። ከ18:00 በኋላ 18 ቀንስ፦ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል።

ይህ የአቆጣጠር ልዩነት ብቻ ነው፤ የአገር ሰዓት ልዩነት ደግሞ ለብቻው አለ። ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ለንደን ከእኛ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ በቀሩት ወራት በ3። ትኬቱ የሚቆጠረው በለንደን ሰዓት ስለሆነ ልዩነቱን ትኬት ስትቆርጥ አትጨምር፣ አትቀንስ። የሚያስፈልግህ ስልክ ስትደውል ነው፤ እነሱ በነሐሴ 11:00 ላይ ሲሳፈሩ ማርቆስ 7 ሰዓት ይሆናል።

የዳሞቱ፣ ፍኖተ ሰላም

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ግን ቀኑንም ራሱን ብትቀይረው ይሻላል። ነሐሴ 10 እሑድ ነው፣ ፍልሰታም ገና አልተፈታችም። አረጋውያንን ከቅዳሴ አስቀርቶ ባዶ ሆዳቸውን ሰልፍ ላይ ማቆም ደስ አይልም። እዚህ ክረምት ሲሆን እዚያ በጋቸውና የትምህርት ቤት ዕረፍታቸው ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ወንዙ ዳር ይጨናነቃል። የኦገስት የመጨረሻው ሰኞ ደግሞ የሕዝብ በዓል ነው፤ ዘንድሮ ኦገስት 31 ላይ ስለሚውል ከ29 እስከ 31 ያለውን ሽሽ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ያለ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ምረጥ። ማክሰኞ ነሐሴ 19 ኦገስት 25 ነው፤ እሱ ይመቻል።

ከሞጣ

ስለ ክፍያው። ቴሌብር እዚያ አይሠራም። በብር ሒሳብህ ላይ ያለው የኤቲኤም ካርድም የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም፤ ክፍያው በፓውንድ ነው፣ ካርድህ ደግሞ ከአገር ውስጥ አይወጣም። አንዳንድ ባንኮች ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት አይተው የውጭ ምንዛሬ የሚሞላበት ካርድ ለተጓዥ ይሰጣሉ። አባትህ እንዲህ ያለውን ካርድ ካወጡ መክፈል ይቻላል፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሰናክላሉ። አንደኛው፣ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ካርዱ ወደ ተመዘገበበት ስልክ ነው፤ ያ ሲም ለንደን ሄዶ ሮሚንግ፣ ማለትም በውጭ አገር የሚያሠራው አገልግሎት፣ ካልተከፈተለት ቁጥሩ አይደርስም፣ ክፍያውም ይከሽፋል። ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። የመረጥከው ሰዓት የሚያዝልህ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ መስመሩ ከተቋረጠ ገጹ ይዘጋል። እንዲህ ከሆነ ተቻኩለህ ድጋሚ አትክፈል። መጀመሪያ ኢሜይሉን፣ ስፓም የሚባለውንም ሣጥን ጨምረህ እይ፤ ቀጥሎ ከባንኩ ገንዘብ ተቆርጦ እንደሆነ አረጋግጥ። ሁለት ጊዜ ከፍለህ አንዱን ማስመለስ ጊዜ ይፈጃል።

እውነቱን ለመናገር ለአንድ ትኬት ይህ ሁሉ ጣጣ አያዋጣም። እህትህ በለንደን ካርዷ ትክፈል፣ እናንተ ደግሞ በበርበሬና በሽሮ ተወራረዱ። ቅቤ ግን አትላክ፤ ከእኛ አገር የወተት ተዋጽኦና ሥጋ ይዞ እንግሊዝ መግባት ክልክል ነው፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወሰዳል።

ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እህትህ የምትሠራው እንዲህ ነው። የራሱን ድረ ገጽ ትክፈት፤ አድራሻው ለንደንአይ ዶት ኮም ነው። ጎግል ላይ ስትፈልግ ከላይ «ማስታወቂያ» ተብለው የሚመጡት ብዙዎቹ ሻጭ ደላሎች ናቸው፤ ሁሉም ሌባ ነው ባይባልም ቀንና ሰዓት መቀየር ሲያስፈልግ እርስ በርስ ያንገላቱሃል። ከዚያ የትኬቱን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰውን ብዛት በዕድሜ ለይቶ መምረጥ፣ ስምና ኢሜይል፣ ክፍያ። በመሀል ፎቶ፣ የመመሪያ መጽሐፍ፣ ጎኑ ካለው የዓሣ ማሳያ ጋር የተዳበለ ትኬት ይቀርብላታል፤ ካልፈለገች ማለፍ ነው። ሲያልቅ በኢሜይል ኮድ ይመጣል፤ በር ላይ የሚነበበው እሱ ነው። ኢንተርኔት ሳያስፈልግ እንዲከፈት ፎቶ አንስታ ስልኳ ላይ ታስቀምጠው፤ አንድ ቅጂ ለባሏ ትላክ። የአንድ ስልክ ባትሪ ሰባት ሰው ሊያስቀር ይችላል።

ዓይነቱን በተመለከተ ተራው ትኬት ይበቃችኋል። ፋስት ትራክ የሚባለው ውዱ ትኬት የመሳፈሪያውን ሰልፍ ያሳጥራል፣ የቦርሳ ፍተሻውን ግን ማንም አይዘልም። ማክሰኞ ጠዋት ከሆነ ልዩነቱ ገንዘቡን አያህልም። የሻምፓኝ ትኬትም አለ፤ ያንን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ሰው የሚቆምበት የመስታወት ክፍል ካፕሱል ይባላል፤ በአንዱ ውስጥ እስከ 25 ሰው ስለሚገባ ከማያውቁት ሰው ጋር ይቀላቀላሉ፤ ለቤተሰብ ብቻ የሚሆነው ዋጋው በጣም ይለያል።

ቀደም ብሎ በኦንላይን መግዛት በር ላይ ከመግዛት ይረክሳል። ዋጋውም እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ስለዚህ ቀኑ ከተወሰነ ዛሬውኑ ቁረጡ።

የግሽ ዓባይ፣ ሰከላ

በመጨረሻዋ አልስማማም። ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይመልስም፤ ዝናብና ደመና ደግሞ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ጎማው በዝናብ ይሠራል፤ የሚቆመው ኃይለኛ ነፋስ ወይም መብረቅ ሲመጣ ነው። ሰማዩ ከጠራ እስከ 40 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ሳይቀር ይታያል። ካልጠራ የሚታየው መስታወት ላይ የሚወርድ ውኃ ነው። እህትህ እዚያው ነዋሪ ናት፤ የአየር ትንበያውን አይታ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀር ትቁረጥ። በሥራ ቀን ቦታ አይጠፋም። ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ እኔም ቀድማችሁ ቁረጡ እል ነበር።

ስለ እናታችን ጉልበትና ፍርሃት። ጎማው 135 ሜትር ነው፤ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሦስት ጊዜ ያህል። ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ አካሄዱ አያስፈራም፤ በሰከንድ 26 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሄደው፣ ከሚያርስ በሬ ያዘገማል። አንድ ዙር 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ካፕሱሉ ዙሪያው በመስታወት የተዘጋ ነው፣ አይወዛወዝም፤ መሀሉ ላይ የእንጨት አግዳሚ አለ። የሚፈራ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ሩቁን ይይ፣ ወደ እግሩ ሥር አይይ። ፍርሃት ከበረታ ግን አስቀድሞ መወሰን ነው፤ ከተነሣ በኋላ ግማሽ መንገድ ላይ «አውርዱኝ» ቢባል ዙሩን ሳይጨርስ መውረጃ የለም። ሽንት ቤትም ውስጡ ስለሌለ አስቀድመው ይሂዱ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ሰው የሚሳፈረው ጎማው ሳይቆም፣ እየተንቀሳቀሰ ነው። ለጤነኛ እግር ምንም አይደለም፤ ዱላ ለያዘ ሰው ግን አንዷ እርምጃ ታስቸግራለች። እህትህ መግቢያው ላይ ላሉት ሠራተኞች «አባቴ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት» ብላ አስቀድማ ትንገር፤ ያዘገሙታል፣ ካስፈለገም ያቆሙታል። እናትህ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሳፈረው ወንበር ቁጥር የተገደበ ስለሆነ ትኬቱ ሲቆረጥ መገለጽ አለበት።

የዳሞቱ፣ ፍኖተ ሰላም

የአባታችን ዱላ የመራመጃ ምርኩዝ ስለሆነ አይከለከልም። ኪስ ውስጥ ያለች ሰንጢ ግን ቤት ትቅር፤ ፍተሻው ላይ ትያዛለች። ሻንጣም አይገባም፣ የሚያስቀምጡበት ቦታም እዚያ የለም፤ ስለዚህ ከአውሮፕላን ለሚወርዱበት ቀን ትኬት አትቁረጡ። የሕፃን ጋሪ ይታጠፋል።

ባቡሩን በተመለከተ ዌስትሚንስተር ጣቢያ ሊፍት አለው፣ ሆኖም ድልድዩን በእግር ተሻግረው በማዶ በኩል ወደ ወንዙ የሚያወርደውን ደረጃ ያገኙታል። ለጉልበት የሚሻለው ዋተርሉ ነው፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ሜዳ መንገድ ነው። በትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማታ ቢሆን መብራቱ ያምራል የሚል ሰው ነበር፤ እሱስ? ደግሞ ለእህቴ ልልክ ያዘጋጀሁትን እዩልኝ፦

«ማክሰኞ፣ ኦገስት 25፣ 2026፣ በለንደን ሰዓት 11:00። ተራ ትኬት፣ 5 አዋቂ፣ 1 ልጅ፣ ጠቅላላ 6። ትንበያውን ኦገስት 22 እይና ቁረጪ። አባባ ዱላ ይይዛሉ፣ በር ላይ ተናገሪ። በዋተርሉ በኩል ሂዱ።»

ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው በእነሱ 20:00 ገደማ፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። መብራቱን ለማየት ከዚያም ማምሸት አለባቸው፤ ለ3 ዓመት ልጅና ለአረጋውያን አይሆንም። በዲሴምበር ቢሆን ፀሐይ በእነሱ 16:00 ገደማ፣ በእኛ 10 ሰዓት ላይ ስለምትጠልቅ ይቻል ነበር።

ትንበያውን ጠብቆ መቁረጡ ይሁን፤ የሰከላው ሰው በሥራ ቀን ያለው ያስኬዳል። መልእክትህ ላይ ቀኑና ዕለቱ ገጥመዋል። ቁጥሩ ግን ጎድሏል፦ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም፣ ነገር ግን የዜሮ ዋጋ ትኬት በስሙ መቆረጥ አለበት፤ የካፕሱሉ የሰው ቁጥር ውስጥ ይገባልና። «5 አዋቂ፣ 1 ልጅ፣ 1 ሕፃን፣ ጠቅላላ 7» ብለህ አስተካክልና ላክላት።