ባለ ጋዜጣው ኸርስት እውነት ጦርነት አስነስቷል?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ነው? ትናንት በርጫ ላይ ክርክር ተነስቶ እስከ መግሪብ አልተፋታንም። አንዱ ጓደኛችን ኸርስት የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም በጋዜጣው ብቻ ጦርነት አስነስቷል ይላል። እኔ ወሬ ነው አልኩ። አንድ ዙርባ የአወዳይ ጫት አስይዘናል፣ የምታውቁ ገላግሉን።

ጀጎል፦
ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ናችሁ። ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ነው ሰውየው። አባቱ በማዕድን የከበረ ሴናተር ነበር፤ ልጁ እ.ኤ.አ. በ1887፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ የሳን ፍራንሲስኮውን ኤግዛሚነር ጋዜጣ ተረከበ። በ1895 ኒው ዮርክ ገብቶ ጆርናል የሚባለውን ጋዜጣ ገዛና በአንድ ሳንቲም እየሸጠ ከሌላው ባለ ጋዜጣ ከፑሊትዘር ጋር ተናነቀ። በ1898 ሜይን የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ያኔ በስፔን በተያዘችው ኩባ፣ ሃቫና ወደብ ላይ ፈነዳች። ምርመራው ሳያልቅ ጋዜጣው የጠላት ሥራ ነው ብሎ ጮኸ፣ አድራጊውን ላጋለጠ 50,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። በ1976 የወጣ የባሕር ኃይል ጥናት ግን መነሻው የመርከቧ የራሷ ከሰል ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ኩባዎች ደግሞ ከ1895 ጀምረው ከስፔን ጋር እየተዋጉ ነበር። የአሜሪካና የስፔንን ጦርነት እሳት እሱ አልለኮሰም፣ ቤንዚን ግን አርከፍክፎበታል።

የድሮ አዟሪ፦
እኔን የምትገርመኝ ሌላ ናት አቦ። ልጅ ሆኜ ለገሃር በር ላይ ጋዜጣ አዞር ነበር። የአዲስ አበባው አውቶብስ ከዘገየ ወሬው ያረጃል፣ አከፋፋዬ ደግሞ ተመላሽ የሚባል አያውቅም፣ ያደረብኝን ለባለ ሱቅ ለስኳር መጠቅለያ በኪሎ እሰጣለሁ። ኒው ዮርክም ያው ነው! በጦርነቱ ሰሞን ገበያው ሲደራ ለአዟሪ ልጆች የመቶው ጋዜጣ ዋጋ ከ50 ወደ 60 ሳንቲም ወጣ። ጦርነቱ አለቀ፣ ሌሎቹ ዋጋውን መለሱ፣ ኸርስትና ፑሊትዘር እምቢ። በ1899 ሐምሌ ላይ ልጆቹ አድመው ሁለት ሳምንት ያህል አንሸጥም አሉ። ዋጋው አልወረደም፣ ግን ተመላሽ መቀበል ጀመሩ። በኋላ ካሊፎርኒያ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሠርቶ የሜዳ አህያ ያረባው ኸርስት፣ ከልጅ ጋር ለአሥር ሳንቲም!

የከዚራ ልጅ፦
በቃ ጫቱን ግማሽ ግማሽ እንከፍላለን። አንተ ግን ያደረብህን ሁሉ ባለ ሱቁ ይወስድልህ ነበር?

የድሮ አዟሪ፦
ኧረ የት! ዝናብ የነካውን አይወስድም።