የኦክ አሊ ቤት ዓምዶችና ቤተ መድኃኔ ዓለም፦ ንጽጽሩ ያስኬዳል?

ጠያቂ (ደሴ)
ለኪነ ሕንፃ ታሪክ ትምህርቴ በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ስለሚገኘው የኦክ አሊ መኖሪያ ቤት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1839 የተሠራ፣ ማለትም የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት የቀደመ ሲሆን፣ 28 የዶሪክ (ቀለል ባለው የጥንት ግሪክ ስልት የተሠሩ ክብ) ዓምዶች በአራቱም ጎን ከበውታል። ሥዕሉን እንዳየሁ የታወሰኝ የእኛው የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው። ሁለቱን ማነጻጸር ያስኬዳል? ዓምዶቹስ ለጌጥ ብቻ የቆሙ ናቸው?

መላሽ (ኮምቦልቻ)
ለጌጥ ብቻ አይደሉም። ዙሪያውን የሚሄደውን ሰፊ በረንዳና የጣሪያውን ጠርዝ የተሸከሙት እነርሱ ናቸው፤ የሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ ፀሐይና ዝናብ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳያገኘው፣ መስኮቱም ተከፍቶ ነፋስ እንዲገባ ያስቻለው ይኸው በረንዳ ነው። ከሩቅ የተጠረበ ድንጋይ ቢመስሉም ውስጣቸው ጡብ፣ ላያቸው ልስን ነው። የግሪክ መልክ በአሜሪካ የተስፋፋው ግሪኮች ከኦቶማን አገዛዝ ነጻ ለመውጣት በተዋጉበት ዘመን በተፈጠረው ስሜት ጭምር ስለሆነ፣ ባንኩም ፍርድ ቤቱም በዚሁ መልክ ይሠራ ነበር።

መላሽ (ላስታ)
ንጽጽሩ የሚያስኬደው ላይ ላዩን በሚታየው ቅርጽ ብቻ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ በመሆኑ፣ ዓምዱ ቆሞ ጣሪያ አልተጫነበትም፤ ጣሪያው ቀድሞ ነበረ፣ ዓምዱ ከሥሩ ተጠርቦ ወጣ። ዓምዶቹም ክብ ሳይሆኑ ባለአራት ማዕዘን ናቸው። ቀረብ ብለህ ካየሃቸው ደግሞ አንዳንዶቹ የድንጋይ መጋጠሚያ መስመር አላቸው፤ እነዚህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥገና በግንብ የተተኩ ናቸውና ለጥንቱ አሠራር ማስረጃ አድርገህ ፎቶ እንዳታነሣቸው። (ከላይ የተሠራው መጠለያ ጥላ ስለሚጥልበት ፎቶው ራሱ ያስቸግርሃል።)

መላሽ (ወልድያ)
የተዘለለ ጉዳይ አለ። ኦክ አሊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበር፤ ቤቱን የገነቡትም በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። እዚያው በባርነት ይኖር የነበረው አትክልተኛ አንትዋን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የፒካን (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የሚበላ ፍሬ የሚሰጥ) ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ የፒካን ግንድ ላይ አጣብቆ በማሳደግ ቅርፊቱ በእጅ የሚሰበር ዝርያ አስገኝቷል። ስለ ግንባታ ዕቃው ስትጽፍ እንግዲህ ጡቡን የደረደሩት እነማን እንደሆኑ እዚያው አንቀጽ ውስጥ አስገባው እንጂ ወደ ግርጌ ማስታወሻ አታውርደው።