የእንግዳ መዋጮ በአንድ ቋት ይግባ ወይስ ሰጪው በቀጥታ ይስጥ? (ክርክር፦ ጓሳ፣ መሐል ሜዳ፣ አንኮበር)

አወያይ፦ ጉዳዩን ላስቀምጥ። በመንዝ ጓሳ (ሕዝቡ በጋራ የሚጠብቀው የሳር ምድር) እና በአንኮበር ዙሪያ ሎጅ የሚያድር እንግዳ ሲሄድ ገንዘብም፣ ልብስም፣ ደብተርም ይሰጣል። አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያለው ተወላጅም እንዲሁ። የቀረበው ሐሳብ ሎጆቹ ለአንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት 200 ብር በፈቃደኝነት ይጠይቁ፣ የተወላጁ ስጦታም ይጨመርበት፣ ሁሉም በአንድ የጋራ ቋት ገብቶ ነዋሪው የመረጠው ኮሚቴ በሥራ ላይ ያውለው የሚል ነው። ተቃዋሚው ደግሞ ሰጪ ልቡ በፈቀደው ቦታ ይስጥ፣ ቋት የኮሚቴ መብያ ነው ይላል። ስድብ የለም። የራስን ገድል መተረክም ይቅር፣ አሠራር አሠራሩን እናውራ።

አስጎብኚ፦ ቋቱን እደግፋለሁ። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ብር፣ ብስኩትና እስክሪብቶ ይበተናል። ውጤቱ ልጁ በትምህርት ሰዓት መንገድ ዳር መዋሉ ነው። የሚደርሰውም ለቸገረው ሳይሆን ለሮጠው ነው፤ አካል ጉዳተኛው፣ በግ ጠባቂው፣ ከመንገዱ ሁለት ሰዓት በእግር ርቆ የሚኖረው ምንም አያገኝም። ለጭላዳ ዝንጀሮ ብስኩት የሚወረውረውም ያው እንግዳ ነው፤ ሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ ማሳ ውስጥ ነው። ሎጁ ክፍሉ ውስጥ አንድ ወረቀት ቢያስቀምጥ፣ «በመንገድ አይስጡ፣ እዚህ ይስጡ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ» ቢል ግማሹ ችግር እዚያው ይቀላል።

ገብስ አብቃይ፦ መንገድ ላይ መበተኑን እኔም እቃወማለሁ። ቋቱን ግን አላምንም። መጀመሪያ ነገር ሎጁ ያለበት ቀበሌና ጓሳውን የሚጠብቀው ቀበሌ አንድ አይደሉም። ግጦሽ የተዘጋበት፣ ገብሱን ጭላዳ የሚነቅልበት ገበሬ ዳር ነው ያለው። እንግዳው ግን የሚያየው የሎጁን ጎረቤት ነው። ኮሚቴው መሐል ሜዳ ከተቀመጠ ገንዘቡም መሐል ሜዳ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ኮሚቴ የሚመረጠው መናገር የሚችል ሰው ነው፤ መናገር የሚችል ደግሞ ዘመድ አያጣም። ስለዚህ ቀበሌ ቀበሌው የየራሱን ይያዝ።

ሂሳብ ሹም፦ ገብስ አብቃይ፣ ስጋትህ ልክ ነው፤ መፍትሔህ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ገንዘቡ ቀበሌ ቀበሌ ቢበተን ሌባው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በቁጥር ላሳይ። ለምሳሌ አሥር ክፍል ያለው ሎጅ እያንዳንዱን ክፍል በዓመት 100 ሌሊት ቢያከራይ 1,000 የክፍል ሌሊት ነው፤ ሁሉም ቢከፍል 200,000 ብር። ይህ ለአምስትና ለስድስት ቀበሌ ሲከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው የቢሮ ወንበር መግዣ ነው። አንድ ላይ ሲሆን ግን 120,000 ለሥራ፣ 50,000 ለጥገና፣ 20,000 ለድንገተኛ (ውርጭ፣ በረዶ፣ የቤት ቃጠሎ)፣ 10,000 ለወረቀት፣ ለትራንስፖርትና ለባንክ ይሆናል።

ሌብነቱ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች የታወቁ ስለሆኑ አንድ በአንድ ይደፈኑ።

ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለሰጪ፣ አንዱ ከባንክ ስሊፕ ጋር፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ጥራዞቹን የሚያስረክበው ገንዘብ ተቀባዩ ራሱ እንዳይሆን። ጥሬ ገንዘብ ከሦስት ቀን በላይ ሎጅ አይደር።

ሂሳቡ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ ሁለቱ ካልፈረሙ አይወጣ፤ ሁለቱም ከአንድ ቀበሌ ወይም ከአንድ ቤተሰብ አይሁኑ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የሞባይል ባንኪንግ ማስከፈት ነው። በአንድ ሰው ስልክ ከተከፈተ ሁለት ፊርማ የተባለው ነገር ወረቀት ላይ ቀረ፤ ያ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ያስተላልፋል። ማየት እንጂ ማስተላለፍ እንዳይችል ባንኩን በደብዳቤ ይጠይቁ። በቴሌብር የሚሰበሰብ ከሆነም በማኅበሩ ስም በተከፈተ የነጋዴ ቁጥር እንጂ በሊቀመንበሩ ስልክ አይሁን።

ግዢ ላይ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይባላል፤ ሦስቱንም የሚያመጣው አንድ ሰው ከሆነ ግን ሦስቱም የአንድ ሱቅ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያምጡ፤ አንዱ መሐል ሜዳ በገበያ ቀን፣ ሌላው ደብረ ብርሃን ሄዶ ዋጋ ይጠይቅ። የተገዛው ዕቃ በሞዴል 19 (የንብረት መግቢያ ደረሰኝ) ገቢ፣ በሞዴል 22 (የንብረት መውጫ ደረሰኝ) ወጪ ይደረግ። ሲሚንቶ የሚጠፋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ገቢ ሳይሆን በቀጥታ «ሥራው ላይ ዋለ» ሲባል።

ሎጆቹም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። መዋጮው ግዴታ ሆኖ ከክፍሉ ሂሳብ ጋር ከታተመ የሽያጩ አካል ይሆናል፣ 15 በመቶ ቫትም ይከተለዋል። ፈቃደኝነት ይሁን፣ ደረሰኙም የማኅበሩ እንጂ የሎጁ አይሁን።

ገብስ አብቃይ፦ ማኅበሩ ማን ነው ታዲያ? ዕድር ነው? ኅብረት ሥራ ነው?

ሂሳብ ሹም፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም፤ ስለዚህ በዕድር ስም መስጠትም መቀበልም ይቻላል፣ ነገር ግን ትልቅ ሰጪ ሕጋዊ ሰውነት ይጠይቃችኋል። ኅብረት ሥራ አባሉን ለመጥቀም የቆመ ስለሆነ ትርፍ ክፍፍል አለው፤ ለስጦታ ገንዘብ አይመችም። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር ጉዳይ የክልሉ ነው፤ እዚያ ይመዝገብ። የፌዴራሉ አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪን ከ20 በመቶ በላይ አይፈቅድም፤ እኔ የመደብኩት 10,000 ብር 5 በመቶ ነው፣ ደመወዝተኛ ስለሌለ።

ከሜሪላንድ (ተወላጅ)፦ ይህ ሁሉ ወረቀት ሰጪውን ያባርራል። እኛ ለትምህርት ቤት ጣሪያ እንልካለን፤ ብሩ ለጣሪያ መዋሉን ማየት እንፈልጋለን። ቋት ውስጥ ከገባ የእኔ ጣሪያ የማን ወንበር እንደሆነ አላውቅም።

የውሃ ቴክኒሺያን፦ ወንድሜ፣ ጣሪያ የሚል ሰው ጌጁን (የቆርቆሮውን የውፍረት ቁጥር) አይጠይቅም፤ ችግሩ እዚያ ነው የሚጀምረው። የቆርቆሮ ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ በዋጋ ቅናሽ የሚመጣው 35 ነው፤ በጓሳ ነፋስ ሁለት በጋ አይቆይም። 28 ይገዛ፣ ቢበዛ 30። ሚስማሩ ባለጎማ ይሁን፣ በቆርቆሮው ሞገድ ጫፍ ላይ ይመታ እንጂ በጎድጓዳው ላይ አይመታ። ተሸካሚው እንጨት ከግድግዳው ጋር በብረት ካልታሰረ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሳይሆን ጣሪያውን ሙሉ ያነሳዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መምህር እንደሚመድብ በደብዳቤ ያረጋግጥ። አለበለዚያ ጥሩ ጣሪያ ያለው የበግ ማደሪያ ነው የተሠራው።

ለጥገና 50,000 የተባለውን ማንም እንዳይነካው የምለው በውሃ ምክንያት ነው። ምንጭ ማጎልበት ላይ ስጦታው የሚያልቀው ምርቃት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቧንቧ ራስ ሲሰበር ማንም የለም። አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር። በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው እጅግ ሲቀንስ ለኩ። 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 0.2 ሊትር ነው፣ በቀን 17,280 ሊትር። ለአንድ ሰው 20 ሊትር ብትሉ ለ864 ሰው ይበቃል ማለት ነው፤ ግን የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ካልተሠራ ግማሹ ፈሶ ያድራል። ክረምት ላይ ለክቶ ዲዛይን የሚያደርግ ሰው ጥር ላይ ባዶ ቧንቧ ያያል።

ቁፋሮው የምንጩ ዓይን እስኪገኝ፣ ጠንካራው መሬት እስኪደረስ ይሁን። ዓይኑ ፊት የታጠበ ጠጠር፣ ከፊቱ የድንጋይ ግድግዳ፣ ጎንና ጎኑ በሸክላ አፈር ይጠቅጠቅ። ትልቁ ስህተት ውሃውን ከፍ ለማድረግ ብሎ መውጫውን ከዓይኑ በላይ ማድረግ ነው። ውሃው ወደ ኋላ ይገፋና ሌላ መንገድ ያገኛል፤ ምንጩ ከታች ሃምሳ ሜትር ርቆ ይፈልቃል፣ ግንቡ ደረቅ ይቀራል። መውጫውም ትርፍ ማስተንፈሻውም ከዓይኑ በታች ይሁኑ። ከላይ በኩል 8 እስከ 10 ሜትር ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ዙሪያውን አጥር፤ ባሕር ዛፍ በአካባቢው አይተከል። ተጠቃሚው በወር 10 ብር ካላዋጣ ሥራው አይጀመር። 80 አባወራ 800 ብር ነው፤ የጠባቂና የቧንቧ ራስ ወጪ ከዚያ ይወጣል። ቋቱ የሚገባው ትልቅ ብልሽት ሲመጣ ነው።

እትዬ ባና፦ ስለ ልብሱ ሁሉም ዝም አለ። በየዓመቱ በጭነት ብርድ ልብስ ይመጣል፣ ከመርካቶ የተገዛ። መንዝ የበግ ጸጉር አገር ነው፤ እዚህ ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ባናውና ዝተቱ (ከበግ ጸጉር የሚሸመነው ወፍራም ብርድ ልብስ) ገበያ አጥቶ ቤት ይቆለላል። ቋቱ ለአረጋውያን ብርድ ልብስ የሚሰጥ ከሆነ ከዚሁ ይግዛ። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ፤ ጸጉሩ ሳይታጠብ የተፈተለ ባና ይሸታል፣ ብል ይበላዋል፤ ሚዛኑም ሳይለካ አይገዛ፣ ስስ አድርጎ የሚሸምን አለ። ናሙና አንድ ይቀመጥ፣ ሁሉም ከእሱ ጋር ይመዛዘን።

አስጎብኚ፦ እትዬ፣ እንግዳውም ይገዛው ነበር፤ ባናው ግን ለሻንጣ ይከብዳል። አነስ ያለ ቢሠራ ከምጽዋት ይሻላል።

ገብስ አብቃይ፦ በግ ማከፋፈልስ? ሰጪው ሁሉ የሚወደው እሱን ነው።

እትዬ ባና፦ የሚወደው ፎቶው ስለሚያምር ነው። ለአንድ ቤት አራት እናት በግ ይሰጣል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ሴት ጠቦት ለቀጣዩ ይመልሳል። በወረቀት ቀላል ነው። የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ግዢው በበዓል ሰሞን ይደረጋል፣ ዋጋው ሰማይ ነው። ከሩቅ ገበያ ይመጣል፣ የበግ ፈንጣጣና ፓስቱሬላ (የሳንባ በሽታ) ይዞ ይገባል፣ የጎረቤቱንም ይፈጃል። ከዚሁ ከደጋው ይገዛ፣ ሦስት ሳምንት ለብቻ ይቆይ፣ ይከተብ፣ የጉበት ትል መድኃኒት ይጠጣ፣ ከዚያ ይከፋፈል። ሌላው «ሞተ» የሚባለው ነው። የሞተ በግ በ24 ሰዓት ውስጥ ጆሮውም ቆዳውም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ካልታየ ዕዳው አይሰረዝም ተብሎ ይጻፍ፤ አለበለዚያ የሚሞተው ሁሌም ለፋሲካ ዋዜማ ነው። አውራውም ይታሰብ፤ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሞላሌና መሐል ሜዳ ላይ ገበሬው ራሱ አውራ የሚመርጥበትን ዘዴ አስለምዷል፤ ከዚያ ይወሰድ እንጂ ከገበያ ያገኙትን አይልቀቁ።

ከሜሪላንድ፦ ስለ ጣሪያው ያልኩት ገና አልተመለሰም። ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ በተነሳው ግጭት እንግዳ ቀንሷል፤ በእንግዳ ላይ የተሠራ ቋት ምን ይሞላል? የሚልከው እኛ ነን፣ የሚወስነው ሌላ ነው።

ገብስ አብቃይ፦ ይህ እውነት ነው። ግን የሚልክ ሰው ይወስን ካልን መንደሩ የዘመድ ብዛት ውድድር ይሆናል። ልጁ ውጭ የሌለው ቀበሌ ውሃ አይጠጣም ማለት ነው።

አወያይ፦ ቀሮን (የጓሳን የጥንት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት) ሳናነሳ ይህ ክርክር አያልቅም መሰለኝ።

ሂሳብ ሹም፦ ቀሮ ጓሳን ለረጅም ዘመን ጠብቋል። አባ ቀራ (የጥበቃው አለቃ) ተመርጦ ሳሩ ሦስትና ከዚያ በላይ ዓመት ተዘግቶ፣ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ተከፍቶ ይታጨድ ነበር። የሠራው ደንቡን የሚያወጣውም፣ የሚጠብቀውም፣ የሚያጭደውም ሰው አንድ ስለነበር ነው። ኮሚቴውም እንዲሁ ይዋቀር፤ ጓሳን ከሚጠብቅ ቀበሌ ሁሉ አንድ አንድ ሰው፣ ሎጁ ያለበት ቀበሌ ከአንድ በላይ አይኑረው።

ገብስ አብቃይ፦ ቀሮን አታስውበው። ድርሻ የነበረው ጓሳን መጀመሪያ እንደያዙ ከሚነገርላቸው ከአስቦና ከጌራ ዘር የሚቆጠር ባለርስት ነው፤ ሌላው አጥር ውጭ ነበር። የመሬቱ አዋጅ 31/1967 ሲመጣ ደስ ያለው ብዙ ነው፤ ያኔ ጓሳው ቢጎዳም። ቋቱ የሸማኔውን፣ የሸክላ ሠሪዋን፣ መሬት የለሹን ወጣት ድምፅ ካላስገባ ያው ነው። ሁለት ወንበር ለእነሱ ይጻፍ፤ አንዱ የሴት ይሁን። ይህ ከገባ ቀበሌ ቀበሌው ይያዝ ያልኩትን እተወዋለሁ።

ሂሳብ ሹም፦ ይግባ። የተወላጁን ጥያቄ በተመለከተ፦ ሰጪ ዓላማ መምረጥ ይችላል፤ ጣሪያ ካለ ለጣሪያ በተለየ መዝገብ ይያዛል፣ ወደ ሌላ አይዞርም። ግን ከእያንዳንዱ ዓላማ ከተጻፈበት ስጦታ 15 በመቶ ወደ ጥገና ይገባል፣ ቦታውንም ሰጪው ሳይሆን ኮሚቴው ይመርጣል።

ከሜሪላንድ፦ 15ቱን እቀበላለሁ። የሂሳብ ደብተሩ ፎቶ ግን በየሦስት ወሩ ይላክልኝ።

ገብስ አብቃይ፦ ደብተሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጅ ይነበባል። የነበረው፣ የገባው፣ የወጣው፣ ከማን እንደተገዛ፣ የቀረው። ፎቶው ከንባቡ በኋላ ይላክልህ፤ ከመንደሩ ቀድመህ ግን አትሰማም።

ከሜሪላንድ፦ በስንት ቀን ልዩነት?

ሂሳብ ሹም፦ በዚያው ቀን፣ ኔትወርክ ካለ።