ክርክር፦ የርቀት ተማሪ ሲጠፋ ማን ይፈልገው?

መነሻ ጥያቄ፦ በርቀት ጀምረው የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። ለሁሉም ክፍት በሆኑ የኦንላይን ኮርሶች የሚጨርሱት ብዙ ጊዜ ከተመዘገቡት 10 በመቶ እንኳን አይሞሉም። ተቋሙ የጠፋውን ተማሪ መፈለግ አለበት ወይስ ጉዳዩ የተማሪው ነው?

ኃላፊነት ይቅደም፦ የተማሪው ነው። ማንም አስገድዶ አላስመዘገበውም። ሞጁሉ እጁ ላይ ነው፣ ቪዲዮውም አለ። ትልቅ ሰው ጋ እየደወሉ «አነበብክ?» ማለት ንቀት ነው።

የርቀት አስጠኚ፦ ወንድሜ፣ እኔ የሚጠይቀኝ ተማሪ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ድምፁን ያጠፋው ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ፊቱን አይቼ እንዳልገባው አውቃለሁ። እዚህ የማየው መጨረሻ የገባበትን ቀን ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ አሳይመንት ያመልጠዋል። ሁለተኛው ሲደርስ የፊተኛውን ስላልሠራ ያፍራል። ካፈረ አይጽፍም። «እርዳታ የፈለገ ይጠይቅ» የሚለው ማስታወቂያ የሚጠቅመው መጠየቅ ለማይከብደው ሰው ነው።

ማታ አንባቢ፦ እኔ ይደወልልኝ አላልኩም፤ አሳይመንቴ በወጉ ይታረምልኝ። ስንት ገጽ ጽፌ «14/20» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሌላ አንድ ቃል የለም። ስድስቱ ነጥብ የት ሄደ? የሳትኩት ቀመሩን ነው ወይስ ስሌቱን? ክፍል ቢሆን መምህሩን በር ላይ ይዤ እጠይቀው ነበር። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አጭር ጽሕፈት (ንግግርን በምልክት ፈጥኖ መጻፊያ ዘዴ) በፖስታ ሲያስተምር ተማሪዎቹ የሠሩትን ይልኩለታል፣ እሱም አርሞ ይመልሳል። በርቀት የሚያስተምረው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ሲጀምር ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ብቻ አልተወውም። አሳይመንት የሚያርሙ አስጠኚዎች መድቧል።

ኃላፊነት ይቅደም፦ እርማቱ ላይ እስማማለሁ፤ የተከፈለበት ነው። ክትትሉ ግን ሰው ይፈልጋል፣ ሰው ደሞዝ ይፈልጋል። ክፍያው ሲጨምር መጀመሪያ የሚወጣው አቅም የሌለው ነው። ደግሞስ ማን መቼ ገባ ብሎ መቆጣጠር ደስ ይላል?

የርቀት አስጠኚ፦ ሁሉንም እንከታተል አላልኩም። የመጀመሪያውን አሳይመንት ላላስገባው ብቻ አጭር መልእክት ይላክ። «ሁለተኛው ምዕራፍ ብዙ ሰው ያስቸግራል። አንተ የት ጋ ደረስክ?» ማለት ይበቃል። ለዚህ መልስ መስጠት አይከብድም። «ለምን አላስገባህም?» ካልከው ግን ጭራሽ ይርቃል።

ታላቅ እህት፦ ቤት ያለነውስ? ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ሥራ የፈታ ይመስለንና ከትምህርቱ አስነስተን እንልከዋለን። የትምህርት ሰዓቱን ጠይቀን ብናከብርለት ምንም አናወጣም። ተቋማቱም ቪዲዮውን በጽሑፍና በድምፅ ጭምር ያቅርቡ። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮ አይከፈትም፣ ጽሑፍ ግን ይከፈታል።

ኃላፊነት ይቅደም፦ አንድ መልእክት ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ከዚያ ወዲያ ዝም ያለ ሰው ግን ዝም የማለት መብት አለው።

የርቀት አስጠኚ፦ አለው። ግን ከመሄዱ በፊት ያለፈባቸው ኮርሶች ይያዙለት እንደሆነና መቼ መመለስ እንደሚችል ይነገረው። ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁ ነው የሚቀሩት።