ኦንላይን ኮሌጁ እንደነገሩኝ አልሆነም፤ ልተወው ወይስ ልጨርሰው?

ጥያቄ፦ የሌሊት ሠራተኛ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ። ግን ምክራችሁ በጣም ያስፈልገኛል።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ ሌሊት እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ምኞቴ አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) መሆን ነው። ክፍል ገብቼ ለመማር ሰዓቱ አይመቸኝም ብዬ ባለፈው ዓመት ኢንተርኔት ላይ አንድ የኦንላይን ኮሌጅ አየሁና ስልክ ቁጥሬን ሞላሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነው የሚደውሉት። የምታነጋግረኝ ሴት በጣም ደግ ነበረች። የልጆቼን ስም ሳይቀር ይዛ «እንዴት ናቸው?» ትለኝ ነበር። «ነርሲንግ ለጊዜው የለንም፤ አንቺ ግን በሄልዝኬር ማኔጅመንት ጀምሪ፤ ክሬዲቱ የትም ይሄድልሻል፣ በኋላ ወደ ነርሲንግ ትዞሪያለሽ» አለችኝ። ፋፍሳውንም (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን) በስልክ እየመራችኝ ሞላሁ።

ሁለት ተርም ጨርሻለሁ። ስድስት ኮርስ፣ 27 ክሬዲት። አምስቱ ኤ፣ አንዱ ቢ ነው። አንድ ተርም አሥር ሳምንት ነው። አሁን ሦስተኛው ተርም ላይ አራተኛውን ሳምንት ጨረስኩ። የያዝኩት ስታቲስቲክስና ሁለት የማኔጅመንት ኮርስ ነው።

ትምህርቱ ግን ትምህርት አልሆነልኝም። በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ትለጥፊያለሽ፣ ለሁለት ተማሪ መልስ ትጽፊያለሽ፣ አለቀ። የአንድም መምህር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የስታቲስቲክስ ጥያቄ ልኬ መልሱ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ። በሦስት ወረቀቶቼ ላይ የተጻፈልኝ አስተያየት ቃል በቃል አንድ ነው። አንደኛው ላይ እንዲያውም የተጻፈው የሌላ ተማሪ ስም ነው። ያን ጊዜ ነው ልቤ የተሰበረው። ሌሊቱን ሠርቼ አድሬ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ሳልተኛ የጻፍኩት ወረቀት ነበር።

በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ነርስ «ይሄ ለነርሲንግ የሚቆጠርልሽ አይመስለኝም» አለችኝ። አድቫይዘሯን ጠየቅኳት። «እሱን የሚወስነው የምትሄጂበት ኮሌጅ ነው» አለች። መጀመሪያ ላይ እንዲህ አላሉኝም። ከፔል ግራንቱ (ከማይመለሰው የመንግሥት እርዳታ) ሌላ 6,200 ዶላር ብድር አለብኝ።

ልተወው? ሎግ ኢን ማድረጉን ባቆምስ ምን ይመጣብኛል? እስካሁን የለፋሁትስ ከንቱ ነው? ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም። ያለቅሳል ብዬ ሳይሆን፣ መጀመሪያውኑ «ተጠንቀቂ» ብሎኝ ስለነበር ነው።

መልስ፦ የኖቫ ተማሪ (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ አይዞሽ። በመጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ዝም ብለሽ አትጥፊ። እኔ ያደረግኩት እሱን ነው፣ ዋጋውንም ከፍያለሁ።

በሌላ የኦንላይን ኮሌጅ እማር ነበር። እንዳንቺው ሲሰለቸኝ መግባቱን ተውኩት። «ካልገባሁ ራሳቸው ያወጡኛል» ብዬ ነው። በእርግጥ አወጡኝ። ግን ለዚያ ተርም ከመንግሥት የመጣውን ገንዘብ አብዛኛውን መለሱና የተረፈውን የትምህርት ክፍያ በኔ ላይ ጻፉት። 1,900 ዶላር። ደብዳቤው በድሮ አድራሻዬ ሲሄድ ከርሞ ጉዳዩ ዕዳ ሰብሳቢዎች ጋ ደርሶ ነው የሰማሁት። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ለመግባት ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ስጠይቅ ደግሞ «መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል» አሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ኡበር ነድቼ ከፈልኩ።

መውጣት ከፈለግሽ በጽሑፍ ውጪ። ዊዝድሮው ማድረጊያ (ትምህርት ማቋረጫ) ፎርም አላቸው። ኢሜይሉን፣ ቀኑን፣ የመለሱልሽን ሁሉ አስቀምጪ። በስልክ ብቻ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ቁጠሪው።

መልስ፦ ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ የምሠራ

የምሠራው በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ይሄን በየቀኑ ስለማየው ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ሕጉ እንዲህ ነው። የፌዴራል እርዳታ የሚሰጥሽ ተርሙን ሙሉ ትማሪያለሽ ተብሎ ነው። መሀል ላይ ከወጣሽ የተማርሽበት ቀን ይቆጠራል። ተርምሽ አሥር ሳምንት ማለት 70 ቀን ነው። 28ኛው ቀን ላይ ብትወጪ 40 በመቶውን ብቻ ነው «የሠራሽበት»። ለዚህ ተርም 3,000 ዶላር ገብቶልሽ ከሆነ የአንቺ የሚባለው 1,200 ነው። 1,800ው ወደ መንግሥት ይመለሳል። ኮሌጁ ግን የራሱ የገንዘብ መመለሻ ደንብ አለው፤ ሙሉ ክፍያውን ሊጠይቅሽ ይችላል። ከላይ ወንድማችን ላይ የደረሰው ይሄ ነው።

60 በመቶውን ካለፍሽ ግን እርዳታው ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው። ለአንቺ 60 በመቶው 42ኛው ቀን ላይ ይሞላል። ስለዚህ ከ43ኛው ቀን በፊት መውጣትና ከዚያ በኋላ መውጣት በገንዘብ በጣም ይለያያል። የቀረሽ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው።

ሎግ ኢን ማድረግ ብቻውን እንደ መማር አይቆጠርም። ፈተና መውሰድ፣ ሥራ ማስገባት፣ ውይይቱ ላይ መጻፍ ነው የሚቆጠረው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

ነገ ጠዋት ለፋይናንሻል ኤድ ቢሯቸው ኢሜይል ጻፊ። «ዛሬ ብወጣ ስንት ዕዳ ይቀርብኛል? ከ43ኛው ቀን በኋላ ብወጣስ?» በይ። ሁለት ቁጥር በጽሑፍ ይስጡሽ። ቁጥሩን ሳታዪ ምንም ፎርም አትሙዪ። ከወጣሽና ቢያንስ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሚይዘውን ግማሽ ያህል ኮርስ ይዘሽ የትም ካልተመዘገብሽ ብድሩን መክፈል የምትጀምሪው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሌላ ኮሌጅ ከቀጠልሽ ግን ይቆይልሻል። ፔሉም ዘላለማዊ አይደለም፤ በዕድሜ ልክ የተፈቀደው የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። የማይቆጠር ኮርስ ላይ ባጠፋሽው ቁጥር ለነርሲንጉ የሚተርፍሽ እያነሰ ይሄዳል።

መልስ፦ ጋሽ ታዛቢ (አትላንታ)

ልጄ፣ እኔ ግን የጀመርሽውን አትተዪ ነው የምልሽ። እዚህ አገር ስመጣ ያገኘሁትን ሁሉ እየጀመርኩ እየተውኩ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። አምስት ኤ ቀልድ አይደለም። ዲግሪ ዲግሪ ነው፤ ያዢው፣ ሌላውን በኋላ ታስቢበታለሽ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ (ባልቲሞር)

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምቃወምዎት። ሌላ ሙያ ቢሆን እስማማ ነበር። ነርሲንግ ግን እንደዚያ አይደለም። አርኤን ለመሆን ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና መውሰድ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ የተቀበለው የነርሲንግ ፕሮግራም መጨረስ ግድ ነው። የሄልዝኬር ማኔጅመንት ዲግሪ፣ ባችለርም ቢሆን፣ ለፈተናው አያስቀምጥም። እህታችን ዲግሪውን ጨርሳ ከነብድሩ እንደ አዲስ ልትጀምር ነው ማለት ነው።

እህቴ፣ ልፋትሽ ግን ከንቱ አይደለም። ከስድስቱ ኮርስ የትኞቹ ናቸው የእንግሊዝኛ፣ የሳይኮሎጂ፣ የሂሳብ? ሌላ ኮሌጅ ሊቀበልሽ የሚችለው እነሱን ነው። የማኔጅመንቱ ለነርሲንግ ቦታ የለውም። አሁን የያዝሽው ስታቲስቲክስ ደግሞ ብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤት የሚፈልገው ኮርስ ነው። እሱን በጥሩ ውጤት ጨርሺው። ከሲ በታች ግን ብዙ ቦታ አይቀበሉትም።

ክሬዲቱንም አስተውዪ። ለአንድ ኮርስ 4.5 ክሬዲት ከሰጡሽ የኳርተር (ከሴሚስተር ያጠረ ተርም ያለው ኮሌጅ) ክሬዲት ነው። ወደ ሴሚስተር ሲቀየር ሁለት ሦስተኛው ነው የሚቀረው። 4.5ቱ 3 ይሆናል፤ 27ቱ 18። ቆረጡብኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ ገና አልወሰድሽም። በጣም ጥሩ! እነዚህን ኦንላይን እንዳትወስጂ፤ የኦንላይን ላብ የማይቀበሉ የነርሲንግ ፕሮግራሞች አሉ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ደጅሽ ነው፤ የነርሲንግ ትምህርቱ ያለው ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሱ ላይ ነው። ሲለበሶችሽን ይዘሽ ሂጂ። ትራንስክሪፕት ብቻ አይበቃም። የኮርሱን ይዘት የሚያሳየው ሲለበሱ ነው፣ ከኮሌጁ ስትወጪ ደግሞ ሲስተሙን ይዘጉብሻል። ዛሬውኑ ዳውንሎድ አድርጊው።

እኔም ሲኤንኤ ነበርኩ። ሌሊት እየሠራሁ ነው የጨረስኩት። አራት ዓመት ፈጀብኝ።

መልስ፦ ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ የምሠራ

ነርሷ ያለችው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። «እውቅና አለን» ማለትና «ክሬዲታችን የትም ይሄዳል» ማለት አንድ አይደለም። ድሮ ሪጅናል እና ናሽናል የሚባል የአክሬዲቴሽን (የእውቅና) ልዩነት ነበር፤ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ያንን ክፍፍል ትቶታል። ኮሌጆቹ ግን ማንን እንደሚቀበሉ አሁንም ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት። የኮሌጅሽ እውቅና ሰጪ ማን እንደሆነ በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ሞንትጎመሪ ስትሄጂ ስሙን ጽፈሽ ያዢ።

መልስ፦ የዴንቨሩ

ስለ ብድሩ ማንም አላነሳም። ኮሌጅ ዋሽቶ ካስመዘገበሽ የፌዴራል ብድሩ እንዲሰረዝ ማመልከት ትችያለሽ። ቦሮወር ዲፌንስ ይባላል። ስቱደንት ኤድ ዶት ጎቭ ላይ ነው የሚሞላው፣ በነፃ። «እኛ እናሰርዝልሻለን፣ 600 ዶላር ክፈዪ» የሚል ከደወለልሽ ስልኩን ዝጊ።

ይሄ ወሬ አይደለም። አይቲቲ ቴክ የሚባለው ኮሌጅ በ2016 ከተዘጋ በኋላ፣ በነሐሴ 2022 የ208,000 ተማሪዎች 3.9 ቢሊዮን ዶላር ብድር እንዲሰረዝ ተወስኗል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፊኒክስም በማስታወቂያው ምክንያት ተከሶ በ2019 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ191 ሚሊዮን ዶላር ነው የተስማማው። ግን ልብ በዪ፣ አይቲቲዎቹ ዓመታት ጠብቀዋል። «መምህሩ ሰነፍ ነው» የሚል ማመልከቻ ደግሞ አያልፍም። የሚያልፈው የተነገረሽ ውሸት ነው፤ «ክሬዲቱ የትም ይሄዳል፣ ወደ ነርሲንግ ትዞሪያለሽ» የሚለው። ቴክስት ልካልሽ ነበር? ፈልጊው።

ከ«ጠያቂዋ»፣ ከ11 ቀን በኋላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ቴክስቱ ተገኘ! ስልክ ስቀይር የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ድሮው ስልክ ውስጥ አለ። ልመዝገብ አልመዝገብ ብዬ ሳመነታ ያቺ የምትደውልልኝ ሴት የላከችልኝ ነው፤ ክሬዲቶቼ ወደማንኛውም የነርሲንግ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ይላል። ፎቶ አንስቼ ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ቁጥሩንም ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ በስልክ ካላወራን አሉ። «በኢሜይል ብቻ» አልኩ። በአራተኛው ቀን ላኩ። ያን ቀን ብወጣ 1,740 ዶላር ዕዳ ነበረብኝ። ከ43ኛው ቀን በኋላ ምንም።

ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሄጄ አንዲት አማካሪ አነጋገርኩ። ገና ይፋ አይደለም፣ ትራንስክሪፕቱ መገምገም አለበት። ግን እንግሊዝኛውና ሳይኮሎጂው ጥሩ ተስፋ አላቸው ብላኛለች። ስታቲስቲክሱንም ሲለበሱን አይታ «ጨርሺው» አለችኝ። ስለዚህ ይሄን ተርም እጨርሳለሁ፣ አራተኛውን አልመዘገብም። አናቶሚን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ ክፍል ካለ እሱን እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። አልተውኩትም፤ መንገዱን ነው የቀየርኩት።

ለባለቤቴም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ስንት ቀን ነው የቀረሽ?» ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ በየማታው የስታቲስቲክሱን መልመጃ አብሮኝ ይሠራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሂሳብ ይወድ ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቦሮወር ዲፌንሱን አሁኑኑ ላስገባ ወይስ ተርሙ ካለቀ በኋላ?

መልስ፦ የዴንቨሩ

ተርሙን ጨርሺና ትራንስክሪፕትሽን እጅሽ አስገቢ። ከዚያ አስገቢው። እስከዚያ ግን የሆነውን ሁሉ ከነቀኑ ጻፊው። የመጀመሪያውን ስልክ፣ ማን ምን እንዳለሽ፣ ያንን የሌላ ሰው ስም ያለበትን ወረቀት ጭምር። ስድስት ወር ሲያልፍ ቀኑ ይጠፋብሻል።

መልስ፦ ነርስ ነኝ (ባልቲሞር)

የቅዳሜው ክፍል ቶሎ ነው የሚሞላው። ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን ጠይቂና የዚያን ዕለት ሌሊት ፈረቃ አትያዢ። የአናቶሚ መጽሐፌ አለኝ፣ አሮጌ እትም ቢሆንም ለማጥናት ይሆናል። በግል ጻፊልኝ፣ አቀብልሻለሁ።